ከቁልፉ በፊት ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ይነገረን

ቲክቶክ ላይ የአፓርታማ ማስታወቂያ ሲመጣባችሁ ምን ምን ይነገራችኋል? ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ ፓርኪንግ፣ «ከአስፋልት 200 ሜትር»። እኔ እስካሁን ስንቱን አይቻለሁ፤ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የት እንደሚሄድ የነገረኝ ግን አንድም የለም። ለመጠየቅ የሚያሳፍር ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሰፈር ሲሠራ ቀድሞ መመለስ ያለበት ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

እስኪ አብረን እናስላው። 1,000 ቤት ያለው ግቢ አለ እንበል። በአንድ ቤት 4 ሰው ቢኖር፣ አንዱ ሰው በቀን 80 ሊትር ውሃ ቢጠቀም፣ ግቢው ውስጥ በቀን 320 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይገባል። ከዚህ 80 በመቶው ፍሳሽ ሆኖ ቢወጣ 256 ሜትር ኪዩብ ነው። 10 ሜትር ኪዩብ በሚይዝ ሽንት ቤት መጣጭ መኪና እናንሳው ብንል በቀን 26 ምልልስ ያስፈልጋል። በየቀኑ! ይህን የሚችል ግቢ የለም። ስለዚህ መስመር ወይም ማጣሪያ ከሌለ ፍሳሹ የራሱን መንገድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ማንሆሉ ይገነፍላል፣ ቀጥሎ አንዱ ተነስቶ ከጎርፍ ቦይ ጋር ያገናኘዋል፣ ከዚያ ወንዝ ይገባል።

«ጉድጓድ ቆፍሮ መሬቱ እንዲመጠው ማድረግ ነው» የሚልም አይጠፋም። በከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ ግን ብዙው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል እንጂ አያሰርግም።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል መልቀቅን ከልክሏል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻን ሰብስበው በአግባቡ እንዲያስወግዱ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 በንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። እኔ እንደማየው ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ወረቀት ላይ ይሳላል፣ ፕላኑ ይጸድቃል። ሰው ከገባ በኋላ ግን ማን ማስወጣት ይችላል? ግዴታው የሚሠራው ቁልፉ ሳይሰጥ ከተጠየቀ ብቻ ነው።

ትልቁ የከተማዋ ማጣሪያ ቃሊቲ ነው። በ1970ዎቹ ሲሠራ አቅሙ በቀን 7,600 ሜትር ኪዩብ ነበር፤ ተስፋፍቶ 100 ሺህ ደርሷል። ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና ፍሳሽ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ቃሊቲ በዋናነት የሚቀበለው ወደ እሱ የሚያዘነብለውን የከተማዋን ክፍል ነው፤ ምሥራቁ ሌላ ተፋሰስ ነው። ስለዚህ ከዋናው መስመር የራቁ ሰፈሮች የራሳቸው ማጣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ማጣሪያ ደግሞ መብራት፣ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋል። ባለቤት ከሌለው ፓምፑ በተቃጠለ ማግስት ያልታከመ ፍሳሽ ማስተላለፊያ ገንዳ ሆኖ ይቀራል።

«ቤት እንዲህ ተወዶ እያለ ሌላ ግዴታ?» ለሚለው መልስ አለኝ። ወጪው አሁንም አልቀረም፤ የሚከፍለው ሰው ነው የተለወጠው። ፍሳሹ በአቃቂ ወንዞች አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል። በወንዞቹ ዳር በዚያው ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ እኛው ገበያ ላይ ይቀርባል። ቧንቧም ቢሆን ኮብልስቶኑ ከመነጠፉ በፊት ቢቀበር ነው የሚረክሰው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ግዴታ ይሁን እላለሁ። አንደኛ፣ የፍሳሽ መስመሩ ወይም ማጣሪያው ሥራ መጀመሩን የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሳያረጋግጥ ለማንም ቁልፍ አይሰጥ፤ መንግሥት የሚሠራው ኮንዶሚኒየምም ጭምር። ሁለተኛ፣ ማጣሪያውን ማን እንደሚያስተዳድርና በወር ስንት እንደሚያስከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

እስከዚያው ቤት ለማየት ስትሄዱ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ፍሳሹ ከምን ጋር ነው የተገናኘው? አሁን ይሠራል? ሲበላሽ ማን ያሠራል? «አታስቡ፣ እሱ ይስተካከላል» ካላችሁ ቅድመ ክፍያውን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።