የፈረስ ጉልበት በሊትር ሲሰፈር

በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ቦውሊንግ ግሪን ከሚገኘው የኮርቬት ፋብሪካ ተቀራራቢ ቅርጽ ያላቸው፣ ሞተራቸው ግን ለየቅል የሆነ መኪኖች ይወጣሉ። ስቲንግሬይ 6.2 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ አንድ ካምሻፍት ብሎኩ ሆድ ውስጥ ሆኖ በፑሽሮድ አማካይነት 16 ቫልቮችን ይከፍታል። በ2023 ሞዴልነት የቀረበው ዜድ06 ደግሞ 5.5 ሊትር ነው፤ አራት ካምሻፍቶች ቴስታታው ላይ ተቀምጠው (ኦቨርሄድ ካም የሚባለው ነው) 32 ቫልቮችን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው በስፖርት ጭስ ማውጫ 495፣ ሁለተኛው 670 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል።

ይህን ያየ ሰው ፍርድ ለመስጠት አይቸገርም፤ ፑሽሮድ ያረጀ፣ ኦቨርሄድ ካም የዘመነ ይላል። እኔ ግን ጥፋቱ የመለኪያው ነው ባይ ነኝ። ሞተርን «በሊትር ስንት ፈረስ አወጣ?» ብሎ የሚሰፍር ሰው፣ ሊትር ውድ ነገር መሆኑን ሳይጠይቅ ተቀብሏል። ሊትርን ያስወደዱት ደግሞ ግብር ሰብሳቢና የውድድር ደንብ አውጪ እንጂ የሞተር ሳይንስ አይደለም።

ከሁለቱ ኮርቬቶች ቁጥር መሀል ብዙም የማይነሳው ቶርካቸው ነው። የስቲንግሬይ 637 ኒውተን ሜትር፣ የዜድ06 624 ነው። ያረጀ የተባለው በጥቂት ይበልጣል! ጉልበት የሚገኘው ቶርክ በዙር ሲባዛ ነውና የ175 ፈረሱ ልዩነት ምንጭ ዙር ነው። አንደኛው ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 6,450 ዙር ላይ ሲሆን ሌላው 8,400 ላይ ነው።

ፑሽሮድ እዚያ ዙር ላይ ለመድረስ ለምን ይቸገራል? ካምሻፍቱ ታፔቱን ይገፋል፣ ታፔቱ ፑሽሮድ የሚባለውን ዘንግ፣ ዘንጉ ሮከር አርሙን፣ ሮከር አርሙ ቫልቩን። መግፋቱ አይከብድም፤ የሚከብደው መመለሱ ነው። ያን ሁሉ ብረት መልሶ የሚያመጣው ሞላ ነው። በ6,450 ዙር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 54 ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ በ8,400 ደግሞ 70 ጊዜ። ሞላው ከዘገየ ቫልቩ ካሙን መከተል ትቶ ይንሳፈፋል፤ ባስ ሲልም ከፒስቶን ጋር ይጋጫል። ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ሲወጣ ዘንጉ ከነክብደቱ ይቀራል፤ በአንድ ትልቅ ማስገቢያ ቫልቭ ፋንታም ሁለት ቀለል ያሉ ይገባሉ። ፑሽሮዱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የ2006ቱ ዜድ06፣ ያኔ ባለ 7.0 ሊትር ፑሽሮድ፣ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ማስገቢያ ቫልቩን ከታይታኒየም አሠርቶ 505 ፈረስ አውጥቷል። የናስካር የውድድር ሞተሮች ደግሞ በዚሁ በፑሽሮድ ከ9,000 ዙር በላይ ሲሽከረከሩ ኖረዋል። ይቻላል ማለት ነው፤ ለዕለት መኪና በሚመች ዋጋና ዕድሜ ግን አይደለም።

በለውጡ ፑሽሮድ የሚሰጠው ቦታ ነው። ቴስታታው አጭርና ጠባብ ስለሚሆን ሞተሩ ዝቅ ይላል፤ ኮፈኑም አብሮት። አንድ ካምሻፍት፣ አንድ አጭር ሰንሰለት፣ በቃ። በተረፈው ቦታ ሲሊንደሩን ማስፋት ይቻላል፤ የሲሊንደር ውስጥ ባዶ ቦታ ደግሞ ሚዛን ላይ አይወጣም። ከዚህ ሁሉ አንዱም «ፈረስ በሊትር» በሚለው ስሌት ውስጥ አይገባም።

ስሌቱ የተወለደው ሊትር በሚቀረጥበት አገር ነው። ጣሊያን ከሁለት ሊትር በላይ ባለ መኪና ላይ 38 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትጥል በነበረበት ጊዜ ፌራሪ ሳይቀር በ1980 ለአገር ውስጥ ገበያ 208 ጂቲቢን ሠራ፤ ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት ሊትር የማይሞላ፣ 155 ፈረስ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም መኪናን በሲሲ እየለየ የሚቀርጥ ነውና አዲስ አበባ ላይ መኪና ገዢ «ስንት ሲሲ ነው?» ማለቱ አያስገርምም። የዲትሮይት መሐንዲስ ግን ሊትር የሚቆጥር ቀራጭ ደጁ ላይ ስላልቆመ፣ ሊትር ለመቆጠብ ብሎ ሦስት ካምሻፍት የሚጨምርበት ምክንያት አልነበረውም።

ደንብ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን በ1994ቱ የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ታይቷል። አዘጋጆቹ ርካሽ ሞተሮችን ለማበረታታት ሲሉ ለፑሽሮድ 3.43 ሊትርና ከፍ ያለ የቱርቦ ግፊት ፈቀዱ፤ ኦቨርሄድ ካም ግን በ2.65 ሊትር ተገደበ። የውድድር ቡድን ባለቤቱ ሮጀር ፔንስኪና የእንግሊዙ ሞተር ሠሪ ኢልሞር ከፋብሪካ መኪና ጋር የማይገናኝ፣ ለውድድር ብቻ የታሰበ ፑሽሮድ በምስጢር ሠሩ፤ መርሰዲስ ስሙን ሰጠው። 1,000 ፈረስ ገደማ ያወጣ ነበር። የፔንስኪ ሾፌር አል አንሰር ጁኒየር ከፊት ተነሥቶ አሸነፈ። ደንቡ ወዲያው ተቀየረና ሞተሩ ዳግመኛ አልተወዳደረም።

ኮርቬት ራሱ በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ጊዜ አልፏል። የ1990ው ዜድአር-1 ሎተስ የነደፈለትን፣ አራት ካምሻፍት ያለውን 5.7 ሊትር ሞተር ይዞ መጣ፤ ዋጋው ከመደበኛው ኮርቬት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በ1993 ጉልበቱ 405 ፈረስ ደረሰ። በ2002 ሞዴሉ ዜድ06፣ እንደገና 5.7 ሊትር፣ እንደገና 405 ፈረስ፤ በአንድ ካምሻፍትና በ16 ቫልቭ። በእርግጥ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነው፤ የሎተሱም ሞተር ቢቀጥል ኖሮ ባለበት አይቆምም ነበር። ቢሆንም የድሮውን ንድፍ ማጥራት አዲሱን ከመግዛት በርካሽ እዚያው አድርሷል።

ይህ ክርክር የሚያበቃበትን ቦታም መደበቅ አይገባም። ያለ ቱርቦና ያለ ሱፐርቻርጀር፣ ሊትርም ሳይጨምር ከስድስት መቶ ፈረስ በላይ የፈለገ፣ ለሽያጭ በሚቀርብ መኪና ላይ ዙር መግዛት አለበት፤ ዙር የሚሸጠው ደግሞ ኦቨርሄድ ካም ነው። የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቮችን ጊዜ ለየብቻ ማስተካከልም አራት ካምሻፍት ላለው ይቀላል። ዶጅ ቫይፐር በ2008 አንዱን ካምሻፍት ሌላው ውስጥ ከትቶ በፑሽሮድ ሠርቶታል፤ ብልሃቱን ባደንቅም ተከታይ አላበዛም። አሁን የኮርቬት ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ ስለተቀመጠ የኮፈን ከፍታ የሚለው የፑሽሮድ መከራከሪያም ሳስቷል።

ሆኖም በ2024 ሞዴልነት ኢ-ሬይ መጣ። የስቲንግሬይን ፑሽሮድ እንዳለ ወስዶ የፊት ጎማዎች ላይ 160 ፈረስ ያለው ኤሌክትሪክ ሞተር ጨመረበት፤ በድምሩ 655 ፈረስ። አምራቹ እንደሚለው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 2.5 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ለዜድ06 2.6 ሰከንድ ነው። ኢ-ሬይ በክብደት የሚበልጥ ስለሆነ በረጅም የውድድር ትራክ ላይ የምመርጠው ዜድ06ን ነው፤ ትራፊክ መብራት ላይ ግን ከኢ-ሬይ አጠገብ መቆም አልፈልግም።