ማሽኑ ጮኸ... እንቆፍር ወይስ እንተው?

ፍቅረኞች በዚህ ሳምንት ይቅር በሉኝ! የእናንተ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተከመረ ነው፤ ተራውን ግን አንድ ብረት ፈላጊ ወስዶባችኋል። እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 24 ነው። አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ ለጀማሪ የሚሆን ሜታል ዲቴክተር ላከልኝ። ግቢያችን ውስጥ ሳዞረው ሳያቋርጥ ይጮሃል፤ ስቆፍር የሚወጣው ግን ቆርኪና የዛገ ሚስማር ነው። እናቴ ‹ግቢዬን አረስከው› ብላ አኩርፋለች። ጓደኛዬ ደግሞ እነሱ አገር፣ ጣሊያን ሰፍሮበት በነበረ ኮረብታ ላይ የተቀበረ ወርቅ አለ ይላል። ቦታውን የሚያሳይ ካርታ አለኝ የሚል ሰውም ቀብድ ጠይቆናል። ለፋሲካ ልንሄድ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ማሽንህ ደህና ነው፤ ቋንቋውን ገና አልለመድከውም። እኔም አንድ ወዳጄ ቤት በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ሁለት እሑድ ከሰዓት ተጫውቼበታለሁ። ያገኘነው ሀብት አንድ ስሙኒ፣ የተሰበረ ቁልፍና ለቁጥር የሚታክት ቆርኪ ነው። ግን ወደድኩት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከታች ያለችው ክብ ነገር ኮይል ትባላለች፤ ውስጧ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ወደ መሬት መግነጢሳዊ ጉልበት ትልካለች። እዚያ ብረት፣ መዳብ፣ ብር፣ ምንም ይሁን ምን ብረታ ብረት ካለ፣ በውስጡ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቀስና መልስ ይሰጣል። ያንን መልስ ነው ማሽኑ ጆሮህ ላይ የሚያጮኸው። እንግዲህ የሚነግርህ «እዚህ አንድ ነገር አለ» የሚለውን ነው። የቀረው ግምት ነው።

ግምቱ ደግሞ ያሳስታል። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት ለማሽኑ ተቀራራቢ ድምፅ አላቸው። የጣሳ መክፈቻዋም እንደዚያው። ስለዚህ «ቆሻሻውን ዝለልልኝ» ብለህ መምረጫውን አብዝተህ ካዞርከው፣ ወርቁንም አብሮ ሊዘልልህ ይችላል። ጀማሪ ሆኖ ቆርኪ ያልቆፈረ የለም፤ አትፈር።

መለማመጃ ቦታ ለራስህ ሥራ። በግቢው ጥግ አንዲት ቁራጭ መሬት ያዝና መጀመሪያ ያለባትን ብረት ሁሉ አውጣ። ከዚያ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ ስሙኒና የብር ቀለበት በ5፣ በ10 እና በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለየብቻ ቅበር። በየቦታው እንጨት ትከል፤ የየአንዳንዱን ድምፅ በደብተር ጻፍ። አንድ ሳምንት ብትደጋግመው ጆሮህ ይለያል። በነገራችን ላይ የጀማሪ ማሽን ሳንቲም የሚያህል ዕቃ የሚያገኘው ቢበዛ አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ነው። «ሁለት ሜትር ወርዶ የተቀበረ ጋን ያሳያል» የሚልህን በትሕትና አሰናብተው።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ኮይሏን ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገህ፣ ወለል እንደሚወለውል ሰው ዝግ ብለህ ግራ ቀኝ አንሸራት። ጫፍ ላይ ስትደርስ ወደ ላይ አታንሳት። አዲሱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይደርበው። ሲጮህ ወዲያው አካፋ አታንሳ! በጎን ዞረህ ቦታውን በመስቀል ቅርጽ ድገመው፤ ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ነው ዕቃው ያለው። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ጮኾ ከሌላው ዝም ካለ ብዙውን ጊዜ ሚስማር ነው። አፈሩ ቀይ ከሆነ ራሱ የብረት ማዕድን ስላለበት ማሽኑ በባዶ ሜዳ ይለፈልፋል፤ ሴንሲቲቪቲውን ቀንስለት። ሞባይልህን ራቅ አድርገህ አስቀምጥ።

የእናትህ ኩርፊያ መድኃኒት አለው። ሣሩን በሦስት ጎን ብቻ ቁረጥና እንደ መጽሐፍ ገልብጠው፤ አፈሩን ፌስታል ላይ አድርግ፤ ስትጨርስ መልሰህ ሞልተህ ሣሩን በእግርህ ጠቅጥቀው። ማን እንደቆፈረ እንኳ አይታወቅም።

አሁን ወደ ኮረብታው እንምጣ። እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ።

ይህ መሣሪያ በዓለም ዙሪያ ስም ያወጣው ፈንጂ በመጥረግ ነው። የፖላንዱ መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእጅ የሚያዝ ፈንጂ ጠቋሚ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ጦርነት ወታደሮች ተጠቅመውበታል። ያንን ሥራ የሚሠሩት ግን የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። የአንተ ማሽን ለቆርኪ እንደሚጮኸው ለከባድ መሣሪያ ጥይትም ይጮሃል፤ ልዩነቱን የምታውቀው በአካፋ ስትነካው ነው። ዝምታውም ዋስትና አይደለም፤ አብዛኛው አካላቸው ፕላስቲክ የሆነ ፈንጂዎች አሉ። ጦር በሰፈረበትና ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ፣ የጣሊያኑ ይሁን የቅርቡ፣ አትቆፍር። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁም ሳትነኩ በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለፖሊስ ተናገሩ።

ባለካርታውስ? ወርቁ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የእናንተን ቀብድ ምን ያደርግለታል? ራሱ አይቆፍርም? እንግሊዝ አገር አንድ ነጋዴ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ ከሚሸጥ መጫወቻ የተወሰደ፣ ውስጡ ምንም የሌለው ዘንግ «ቦምብ ያሸታል» ብሎ ለኢራቅ ሳይቀር ሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። መንግሥት የተታለለበት ዓለም ነው፤ ቀብዳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ሕጉንም አትርሳ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ማካሄድን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ወዲያው ለቅርስ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የፈረሰ ግንብ ሥር ማሽን ይዞ መዞር ጨዋታ አይደለም።

መቆም ያወቀ ሰው ምን እንዳገኘ ልንገርህ። ኅዳር 1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰፎክ በተባለው የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር፣ ሆክሰን መንደር። አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋበትና ጓደኛውን ኤሪክ ሎውስን በማሽንህ ፈልግልኝ አለው። ሰውየው መዶሻ ሲፈልግ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና ሳንቲም ወጣለት። ጥቂት አወጣና አካፋውን አስቀምጦ ለባለመሬቱና ለፖሊስ አሳወቀ። በማግስቱ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ሲቆፍሩ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ የሮማውያን ሳንቲም ተገኘ። እሱ ስላልበታተነው ሀብቱ የተቀመጠበት የእንጨት ሣጥን ርዝራዥ ሳይቀር ተለየ። 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሽልማት ተሰጠው፤ ለገበሬው አካፈለው። መዶሻውም ተገኝቶ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ! ሽልማቱ የእነሱ አገር ሕግ ነው፤ አንተ እንደዚያ ብለህ አታስላ።

እኛ አገር በሕልም የሚታየው ማርትሬዛ ነው። 28 ግራም ገደማ የሚመዝን የብር ገንዘብ ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ዘመን በኋላ የተሠራውም ሁሉ 1780 ተብሎ ስለታተመበት፣ በዓመተ ምሕረቱ ብቻ ዕድሜውን አሮጌ ነው ብሎ የሚያስወድድብህን አትመን።

ለፋሲካ ጓደኛህ ዘንድ ሂድ፤ ዶሮውን ብላ፤ ማሽኑን ግን ቤት ተወው። ስትመለስ ለሰፈሩ አስወራ፦ ሣር ላይ ቀለበት የጠፋባት ሙሽራ፣ የውኃ መስመሩ የብረት ቱቦ በየት እንዳለፈ የጠፋበት አባወራ አይጠፋም። ያኔ ማሽኑ የሻይ ያወጣል።

ለእናትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ለልምምዱ የምትቀብረው የብር ቀለበት የእሳቸው ከሆነ ደግሞ አስቀድመህ አስፈቅድ፤ እንጨቱንም ትከልበት።