ሰሊጡን በአበባው አትሽጡ

ወንድሞቼ፣ የዕድር ባልንጀሮቼ፣ ይህን ነሐሴ ሳይወጣ ልንገራችሁ ብዬ ነው የተነሣሁት። ሰሊጡ አበባ ላይ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በየቤቱ የሚዞረውም አሁን ነው፤ በኅዳር የምታስረክቡትን ኩንታል ዛሬ እሱ በቆረጠው ዋጋ ያዋውላችኋል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ውል ውስጥ የምንገባው ለአረም፣ ለሳሉግ (ለወቅት ሠራተኛ) ስንቅና ደመወዝ፣ ወይም ሰው ታሞብን ጎንደር ለመውሰድ ነበር። ዘንድሮ ግን ከመካከላችን ለልጁ ጌም ቤት መክፈቻ ብሎ ሰሊጡን በአበባው ሊሸጥ የተስማማ እንዳለ ሰምቻለሁ። ስም አልጠራም። ሸሕዲ ትንሽ ከተማ ናት፤ ራሱን ያውቃል።

ጌም ቤት ኃጢአት ነው አልልም። ልጆቻችን በቆርቆሮ ክፍል ታጭቀው በፕሌይስቴሽን ኳስ ሲጫወቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ከጫትና ከአረቄ ቤት ይሻላል። እሺ ያላችሁበትንም ምክንያት አውቀዋለሁ። ከመተማ ዮሐንስ ወዲያ ያለው መንገድ የስንቱን ቤት ልጅ ይዞ እንደሄደ ሁላችንም አይተናል፤ ገላባትን መሻገር፣ ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ሊቢያ። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ ሱዳን ራሷ ስትነድ ሰዉ ነፍሱን ይዞ ወደ እኛ ሲሸሽ ተቀብለናል። በጎንደር በኩል ያለውን የመንገድ ሥጋት መናገር አያስፈልገኝም። እንዲህ በሆነበት ዘመን አባት የሆነ ሰው፣ ልጄ ከዓይኔ አይራቅ እንጂ የጠየቀኝን እሰጠዋለሁ ይላል። ይህን ያለ አባት ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም። እኔን ያስፈራኝ ይኸው አለመጠየቃችሁ ነው።

ልጆቹ አሁን የሚጠይቁት የለመዱትን ኳስ አይደለም። አዲስ የጨዋታ ሳጥን ይገዛ፣ ተጫዋቹ ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰው አብሮ የሚያወናጭፍበት ጨዋታ ይምጣ ነው የሚሉት። ቦክስ አለው፣ ቴኒስ አለው፣ ጭፈራ አለው። በጆይስቲኩ ሆድ ውስጥ ከጣት ጥፍር ያነሰች ነገር ተቀምጣለች፤ ወዴት እንዳዘነበለና በምን ፍጥነት እንደተወዛወዘ ትለካለች። ስልካችሁን ስታጋድሙት ፎቶው አብሮ የሚጋደመው በእሷው ዓይነት ነው። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ እኔም አይቼ ሥቄአለሁ። ነገር ግን ልጁ ለአባቱ የሚነግረው የሳጥኑን ዋጋ ነው። ትራክተር ስንገዛ ሻጩ ስለ ጎማና ስለ መለዋወጫ እንደማያነሳብን ሁሉ፣ እዚህም ስለ ጆይስቲኩ የሚያነሳ የለም።

እኔ የልጅ ልጄን አስቀምጬ በውጭ ሀገር የተሸጠበትን ዋጋ አስነበብኋት። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ዊ የሚባለውን ሲያወጣ ሳጥኑ በአሜሪካ 250 ዶላር ነበር። የዕቃዎቹን ዓመት ሁሉ የምጠራው በእነሱ አቆጣጠር ነው። አብሮት የሚመጣው ግን የአንድ ሰው መጫወቻ ብቻ ነው። አራት ሰው ቴኒስ ሊጫወት ሦስት መጨመር ነበረበት፤ እያንዳንዱ 40 ዶላር፣ በድምሩ 120። የሳጥኑን ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው? ቦክስ ከሆነ ደግሞ ለሁለተኛዋ እጅ ሌላ 20 ዶላር አለ። በ2010 ሶኒ የራሱን አመጣ፤ አንዱ መወዛወዣ 50 ዶላር፣ ተጫዋቹን የምታየው ካሜራ 40። ሁለት ሰው በሁለት ሁለት እጁ ቦክስ ይግጠም ከተባለ አራት መወዛወዣ ከነካሜራው 240 ዶላር ይሆናል። ሳጥኑ ራሱ በዚያ ጊዜ 300 ነበር። እንግዲህ ይህ በአሜሪካ፣ በገንዘባቸው፣ ከሱቃቸው መደርደሪያ ላይ ነው።

ዋጋው ደግሞ ወደ ታች አልሄደም። የኒንቴንዶ ስዊች በ2017 ሲወጣ የግራና የቀኙ ጆይስቲክ ጥንድ 80 ዶላር ነበር። በ2025 የወጣው ስዊች ሁለት ሳጥኑ 450 ሲሆን፣ ጥንዱ 90 ዶላር ይሸጣል ተብሎ ከተነገረ በኋላ ገበያ ላይ እንኳ ሳይወጣ 95 ገባ። የሶኒ አምስተኛው ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክም በ2020 70 ዶላር ነበር፤ በ2024 75 ሆኗል። ከዚህ ወዲያ የሚመጣ አዲስ ሳጥን፣ የማንም ይሁን የማን፣ እንቅስቃሴ የሚለካው ጆይስቲኩ ከ80 እስከ 100 ዶላር ባይጠይቅ ይገርመኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን በሃያ ዓመት አካሄዱ ላይ ቆሜ የተናገርኩት ነው።

አሁን ወደ ብር አምጡት። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገመድ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ፣ ዛሬ ከ140 በላይ ነው። በ140 ብቻ ብንይዘው የ95 ዶላሩ ጥንድ 13,300 ብር ነው። ቀረጥ አልተጨመረበትም፣ የአስመጪው ትርፍ የለበትም፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያመጣው ሰው የመንገዱን ፍርሃት አላስከፈለበትም። ልጁ በአንድ ጨዋታ ሃያ ብር ቢቀበል፣ ያችን አንዲት ጥንድ ለመመለስ ብቻ 665 ጨዋታ ማጫወት አለበት። ቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የቴሌቪዥኑና የሳጥኑ ገንዘብ ገና አልተነካም። ስንት ኩንታል ሰሊጥ እንደሚሆን እናንተው አስሉት፤ ያውም በአበባው በተቆረጠው ዋጋ።

አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጮኽኩ። አሁን ባለው ጌም ቤት ገብታችሁ ጆይስቲኩን በእጃችሁ ያዙትማ። የግራ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎማ ተልጦ ነጩ ፕላስቲክ ወጥቷል፤ የገመዱ አንገት በብስክሌት ካላማዳሪ ተጠፍሯል። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከሜዳው ጠርዝ ሲደርስ ይቆማል። ባለቤቱ ልጅ አፉን አስጠግቶ እፍ ይልበታል፣ በጉልበቱ ላይ መታ መታ ያደርገዋል፣ ለጥቂት ጊዜ ይመለስለታል። ይህ የእኛ ልጆች ጥፋት ብቻ አይደለም። የስዊቹም ጆይስቲክ በዚሁ በሽታ ታሞ በ2020 የኒንቴንዶው ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ በ2021 መጀመሪያ የአውሮፓ ሸማቾች ማኅበራት ወደ 25,000 የሚጠጋ አቤቱታ ሰብስበው ከስሰዋል። የእነሱ ሰው ለድርጅቱ መልሶ ይልካል፣ ድርጅቱ ጠግኖ ይመልስለታል። ከሸሕዲ ማን ለማን ይልካል? እዚህ ያለው ጠጋኝ ገመድ ይበይዳል፣ ቁልፍ ይቀይራል፤ ያችን የምትለካውን ቁራጭ ግን ከየት ያመጣታል?

አየሩንም አስቡት። የፕሌይስቴሽን መመሪያ ዕቃው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ይሥራ ይላል። የእኛ መጋቢትና ሚያዝያ በጥላ ሥር እንኳ 40 ይረግጣል፤ በቆርቆሮው ክፍል፣ ሃያ ልጅ በተሰበሰበበት፣ ምን እንደሚሆን ሳጥኑ ይወቀው። ላብ አለ። ዊ በወጣ በጥቂት ሳምንታት፣ በ2006 ታኅሣሥ ውስጥ፣ ሰው ቴኒስ ሲመታ የእጁ ማሰሪያ እየተበጠሰ መጫወቻው ቴሌቪዥን ላይ ስለሚወረወር ድርጅቱ 3.2 ሚሊዮን ማሰሪያ በወፍራም ልለውጥ ብሏል። ያ በበረዶ ወራት በደረቅ እጅ የሆነ ነው። የእኛን ልጅ መዳፍ በመጋቢት ገምቱት። ቴሌቪዥኑ ቢሰበር የሰበረው የጎረቤት ልጅ ነው፤ አባቱም ከእናንተ ጋር ዕድር ላይ የሚቀመጥ ነው። ማንን ታስከፍላላችሁ?

የጆይስቲክ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ጆይስቲክ አልባ ጨዋታ አለ የሚልም ልጅ ይመጣል። ማይክሮሶፍት በ2010 ኪኔክት ብሎ አውጥቶ ነበር፤ በእጅ የሚያዝ የለውም፣ ሰውየውን ራሱን ያያል። 150 ዶላር ነበር። ሁለት ሰው ለማጫወት ግን ከፊቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የእኛን ኪራይ ክፍል ለክታችሁ ኑ። በ2013 ከአዲሱ ሳጥን ጋር ግድ አብሮ ይገዛ ቢሉ ዋጋው 500 ሆኖ የሶኒው በ400 ቀደመው፤ ሰባት ወር ሳይሞላ ነጥለው ያለ እሱ መሸጥ ጀመሩ፣ በ2017 መሥራቱንም አቆሙ። ባለ ሀብቶቹ ትተውት ሄዱ። መለዋወጫ የቀረበት ዕቃ ግን በየገዛው ሰው ቤት ቀረ።

ኢንተርኔቱን አላነሳም፤ በእኛ አቆጣጠር ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለስንት ወር እንደተዘጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዲሶቹ ሳጥኖች ያለ ኢንተርኔት ጨዋታ አያወርዱም።

ልጁ መሥራት ከፈለገ አትከልክሉት። ያገለገለ የኳስ ሳጥን፣ መለዋወጫው እንደ ልብ የሚገኝ ጆይስቲክ፣ ከተቻለም ጎንደር ወጥቶ ጥገና ይማር። ይህን ደግሞ በኅዳር ያድርገው፤ ሰሊጡ ተራግፎ፣ ሳሉጉ ተከፍሎ፣ ዕዳ ወርዶ ከተረፈው። ልጁ ሦስት ወር መጠበቅ ካቃተው ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ መጠበቅም ያቅተዋል።

ውሉን ያልፈረማችሁ፣ ልጁን ዛሬ ማታ አስቀምጡና የጆይስቲኩን ዋጋ፣ በዓመት ስንቱ እንደሚበላሽና የት እንደሚጠገን ጠይቁት። አብሮ ይመጣል ብሎ ከመለሰላችሁ አትፈርሙ። የፈረማችሁም ብትሆኑ ገንዘቡ ገና ከእጃችሁ ካልወጣ ለነጋዴው እንመልስለት፤ አማላጅ ሆነን አብረን የምንሄደው እኛ ነን፣ ለልፋቱም የሆነ ነገር ይጠይቅ እንደሆነ ከዕድሩ ሳጥን ሳይሆን ከየኪሳችን እናዋጣለን። እኔ ነገ የጠዋቱ ቅዝቃዜ ሳያልፍ ቤቴ አለሁ።