የሰው ካፕሱል የጫጩት መድኃኒት አይደለም!

 

ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ቤቱ ጫጩት ያለው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ሰሞኑን በየግሩፑ አንድ ምክር እየዞረ ነው። «ጫጩትህ ካሳለች፣ አፍንጫዋ ከረጠበ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ወይም አሞክሳሲሊን ግዛ፤ ካፕሱሉን ፈትተህ በውኃ በጥብጥና አጠጣ፤ በሦስት ቀን ትድናለች» ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልን» እያለ ያመሰግናል። እኔ ግን ይሄ ምክር ጫጩቱንም ገንዘቡንም የሚያስበላ፣ አልፎ ተርፎ ልጆቻችንን የሚጎዳ ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

«ምን አገባህ፣ የዶሮ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ ከጣርማ በር ብርድ ጀምሮ እስከ ሮቢት ቆላ ድረስ ዶሮ የእናቶች ባንክ ናት። ጨውና ሳሙና የሚገዛው፣ ልጅ ሲታመም ካርድ የሚወጣው ከእንቁላል ነው። በእንቁላል ብር ደብተር ገዝታችሁ ፊቴ የተቀመጣችሁ ብዙ ናችሁ። የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጫጩት ገዝቶ የሚያሳድገው ሰው በዝቷል። ስለዚህ ያገባኛል።

መጀመሪያ ነገር «የጫጩት ሳል» የሚባል አንድ በሽታ የለም። ሳሉና ማቃተቱ ምልክት ነው። ከጀርባው ቢያንስ አምስት የተለያየ ነገር ሊኖር ይችላል።

አንደኛው ፈንግል ነው። በሳይንሱ ኒውካስል ይባላል። በ1926 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ አካባቢ ተለይቶ ስለታወቀ ነው ስሙ። ጫጩቷ ታነጥሳለች፣ አየር ያጥራታል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ ክንፍና እግሯ ይሰንፋል። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ አንዳንዴ አንዲት አያስቀርም። ይሄ በሽታ የቫይረስ ነው። እስቲ ክፍል ውስጥ የተማራችሁትን አስታውሱ፤ ቴትራሳይክሊን የሚሠራው የባክቴሪያን ሪቦዞም ይዞ ፕሮቲን እንዳይሠራ በማድረግ ነው። አሞክሳሲሊን ደግሞ ባክቴሪያው የሴል ግድግዳውን እንዳይገነባ ያደርጋል። ቫይረስ ሪቦዞምም የለው፣ የሴል ግድግዳም የለው። ታዲያ ካፕሱሉ ምኑን ይያዝ?

ሁለተኛው ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ሥር የሰደደ የመተንፈሻ በሽታ ነው። ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ማታ ማታ ደረታቸው ሲያንኮራፋ ይሰማል፣ ዓይናቸው ሥር ያብጣል፣ እድገታቸው ይቆማል። ከእናት ዶሮ በእንቁላል በኩል ወደ ጫጩት ይተላለፋል። ይሄኛውስ በእርግጥ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ነገር ግን ማይኮፕላዝማ የሴል ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያ ነው፤ አሞክሳሲሊን ጭራሽ አይነካውም! የሚነካው ታይሎሲን ወይም የቴትራሳይክሊን ወገን ነው፤ እሱም ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀው፣ በክብደት ተለክቶ፣ ቀኑ ሳይጓደል ሲሰጥ። ካፕሱል ፈትቶ በጣሳ መበጥበጥ ልክ የለውም። አንዷ ብዙ ትጠጣለች፣ ታማ ያልቆመችው አትጠጣም።

ሦስተኛው ሻጋታ ነው። እርጥብ ጭድ ወይም የሻገተ መኖ ላይ የሚበቅለው ፈንገስ ሳንባ ውስጥ ይገባና ጫጩቷን ያለ ድምፅ ያስቃትታታል። አንቲባዮቲክ ፈንገስን አይገድልም።

አራተኛው የራሳችን ጭስና የኩስ ሽታ ነው። ብርድ ፈርተን ቤቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተን ከሰል እናነድበታለን፤ ጉዝጓዙ ከኩሱ ጋር ርሶ አሞኒያ ያመነጫል። በጫጩቷ ቁመት ልክ ቁጢጥ በሉ። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ የእሷ ሳንባ ከተጎዳ ቆይቷል።

አምስተኛው ሙቀት ነው። ዶሮ አታልብም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው የምትቀዘቅዘው። ሮቢት ላይ በቀትር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አፏን የከፈተች ጫጩት የምትፈልገው ጥላ፣ አየርና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ለሙቀት ካፕሱል የሚፈታ ሰው አለ፤ ማታ ሲበርድ አፏን ትዘጋለች፣ እሱም «መድኃኒቱ ሠራ» ብሎ ይለጥፋል!

«እኔ ግን ሰጥቼ ድኖልኛል» የሚለውም መልሱ እዚሁ ነው። ግማሹ ጊዜው ደርሶ በራሱ የሚለቅ ነው። ሌላው በላዩ የተደረበ ባክቴሪያ ስለሚሆን ለጊዜው ፋታ ያገኛል። የሞተበት ደግሞ አይለጥፍም። የዳነውን ብቻ ቆጥሮ ሐኪም መሆን አይቻልም።

ጉዳቱ በጫጩት ቢያበቃ ምን ነበረ! ባክቴሪያ በትንሽ በትንሹ መድኃኒት ሲቀመስ ይለምደዋል። የለመደው ባክቴሪያ በኩሱ፣ በእጃችን፣ በግቢው ሕፃን በኩል ቤት ይገባል። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላልና ሥጋ ውስጥም ቅሪቱ ስለሚቆይ፣ ባለሙያ የሚነግረው የመታገሻ ቀን ሳያልፍ መብላት የለብንም። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። አሞክሳሲሊን እኮ ሕፃን ሳንባ ምች ሲይዘው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት ነው! ለጫጩት አባክነነው ለልጃችን እምቢ ቢለን ማንን እንወቅሳለን?

መፍትሔው ምንድን ነው ካላችሁ፣ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ነው። ለፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ላይ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች እዚሁ አገራችን ያመርተዋል። ኤች ቢ ዋን በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ላሶታ በአራተኛው ሳምንት ገደማ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ አካባቢ መድገም። በመሃል የጉምቦሮ ክትባት አለ። ሙቀት የሚችል የፈንግል ክትባትም ይመረታል፤ ለእኛ ቆላ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። የአንዷ ዶሮ ድርሻ ከአንድ እንቁላል ዋጋ አይበልጥም።

«ታዲያ ለምን አንከተብም?» እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ካፕሱሉን የወለደውም እሱ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው። ስምንት ጫጩት ያላት እናት ብቻዋን አትገዛውም። ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ተራው ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተያዘ ይሞታል። በፌስታል አንጠልጥሎ በሮቢት ፀሐይ ያመጣውን ሰው «ክትባቱ አይሠራም» ሲል ስሰማ ይገርመኛል። ገድሎ አምጥቶት እንዴት ይሥራ?

ስለዚህ የምለው ይሄን ነው። እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ እቁብ አለን። ለቀብር የምንሰበሰብ ሰዎች ለዶሮ ክትባት አንድ ቀን መሰብሰብ አያቅተንም። ሃያ ቤት ይሰባሰብ፣ ቀን ይቁረጥ፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥራ፣ ብልቃጡ በበረዶ ይምጣ። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ አትጠቀሙ፣ ክትባቱን ይገድለዋል። የታመመችውን አትከትቡ፣ ለይታችሁ ባለሙያ አሳዩ። የሞተችውን ቅበሩ፤ ለውሻ አትጣሉ። «ሳትሞት ልሽጣት» ብሎ የታመመች ዶሮ ለበዓል ገበያ ማውጣት ደግሞ የጎረቤትን ቤት በእሳት መለኮስ ነው።

ጫጩት ለምትሸጡና ለምታከፋፍሉ ሁሉ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ያቺ ጫጩት ከቢሾፍቱ ተነስታ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በር ጉም በሌሊት አቋርጣ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሮቢት ሙቀት ትወርዳለች። በአንድ ሌሊት ሁለት አገር ታያለች። ያልተከተበች ከሆነች፣ የክትባት ወረቀት ከሌላት፣ ለእናቶች የሸጣችሁት ጫጩት ሳይሆን ዕዳ ነው። «ይህን ያህል ሺህ ጫጩት አከፋፈልን» ብላችሁ ሪፖርት አታቅርቡልን። ከሁለት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ? እሱን ቁጠሩና ንገሩን።

ገዢውም «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «መቼ፣ በምን ተከተበ?» ይበል። ወረቀት የሌለውን አትግዙ።

የእንስሳት ጤና የተማራችሁ ተማሪዎቼ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። በየቀበሌያችሁ አንድ የክትባት ቀን አስጀምሩ። ቀኑን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሰው እኔ እቀሰቅሳለሁ። የካፕሱሉን ምክር ሼር ያደረጋችሁ ደግሞ ይሄንንም ሼር አድርጉት።

ሰላም ዋሉ!