ሐይቁ ታጥሯል፤ መንገዱ ተነጥቋል፤ ብስክሌተኛው ወዴት ይሂድ?

"የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለው ተረት ለዓባይ ብቻ የተተረተ የሚመስለው ካለ፣ አንድ እሁድ ጠዋት በብስክሌት ከአዲስ አበባ ይውጣና ይሞክረው። ከተማችን እኮ በውሃ የተከበበች ናት! በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ ገፈርሳ አለ። በደሴ መንገድ ለገጣፎን ሲያልፉ ለገዳዲ አለ። በደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ደግሞ ቢሾፍቱ (እኛ የድሮዎቹ ደብረ ዘይት የምንላት) ሆራን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱን፣ ቢሾፍቱንና ጨለለቃን እንደ ዶቃ ደርድራ ተቀምጣለች። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ቆቃ፤ ከዚያ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ... ምኑ ተቆጥሮ ያልቃል!

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሐይቅና ግድብ፣ ይሄ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት እያለን፣ አንድ ብስክሌተኛ በሰላም ወጥቶ፣ ውሃ አይቶ፣ በሰላም የሚመለስበት አንድ መንገድ የለንም። አንድ!

የብስክሌት ነገር የገባው ሰው የዚህን አገር አቀማመጥ ሲያይ ምራቁን ይውጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ቢሾፍቱ 1,900 አካባቢ፣ ቆቃ 1,600 አካባቢ። ማለትም ሲሄዱ ብስክሌቱ ራሱ የሚሄድ ይመስላል፤ ሲመለሱ ግን ሳንባ ይፈተናል፣ ማርሽ ይቀየራል፣ ጉራ ይተናል። አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ጠርዛቸው ሁሉ አጫጭር ዳገት ነው። ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር! ለኮርስ ብስክሌት ልምምድ ከዚህ የተሻለ የግማሽ ቀን ጉዞ ከየት ይመጣል? ጉልበት ለተረፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ አምቦ፣ ከአምቦ ወንጪ፣ ከወንጪ ወሊሶ፣ ከወሊሶ ወደ ቤት የሚያዞር የሦስት ቀን ጉዞ አለ። የወንጪ ሐይቅ ጉድጓድ ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይሄ ጉዞ ስም ወጥቶለት፣ ምልክት ተተክሎለት፣ በየመንደሩ ጎማ የሚጠግንና ሻይ የሚያፈላ ሰው እንጀራ ይበላበት ነበር።

እኛ ዘንድስ? በመንገዱ እንጀምር።

የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር እልል ተብሏል። በስድስቱ ረድፍ ላይ እግረኛ፣ ባጃጅና ብስክሌት አይገባም። ይሄ ትክክል ነው፤ በዚያ ፍጥነት መሐል ብስክሌት ማስገባት ነፍስ ማጥፋት ነው። ነገር ግን መኪናው ወደ አዲሱ ሲሄድ አሮጌው መንገድ ለነዋሪው፣ ለእግረኛውና ለብስክሌተኛው ይተነፍሳል ተብሎ አልነበረም እንዴ የታሰበው? የሆነውን ሂዱና እዩ። ከቃሊቲ እስከ አቃቂ፣ ከገላን እስከ ዱከም፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት፣ የፋብሪካው ሲኖትራክ፣ ክፍያ የሸሸው ሚኒባስና ባጃጁ ሁሉ በዚያችው አሮጌ አስፋልት ይተራመሳል። የመንገዱ ትከሻ አንዳንድ ቦታ ተቦርቡሯል፣ አንዳንድ ቦታ ጠጠርና አሸዋ ተቆልሎበታል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ብስክሌተኛው ነጭ መስመሯ ላይ እንደ ሰርከስ ተጫዋች ሚዛን ጠብቆ ይሄዳል። በፈረንሳይና በስፔን ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን የሚቀድም ሹፌር ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ይገደዳል። የእኛ ሹፌር ክላክስ ይነፋል፤ ያንንም እንደ ቸርነት ነው የሚቆጥረው።

ደግነቱ፣ ማለዳ በዚህ መንገድ ልምምድ የሚወጡ ልጆች ዛሬም አልጠፉም። ማን ያውቃቸዋል? ማን ይጠብቃቸዋል?

እሺ፣ እግዜር ረድቶት ደረሰ እንበል። ቢሾፍቱ ገባ። ሐይቁስ የታለ? ሐይቁ ከግንብ አጥር ጀርባ ነው! አጥሩ የሪዞርት ነው፣ የሎጅ ነው፣ የባለሀብት ቪላ ነው። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ላብ ያጠመቀውን ልጅ ከነብስክሌቱ ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ ከዚያም የመግቢያ ዋጋ ይነግረዋል። ልጁ ብርጭቆ ውሃ አልጠየቀም፤ ውሃ ማየት ነው የፈለገው። ለማየትም ይከፈላል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ን እዩት። መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ይህንን አንቀጽ ገበሬው መሬቴን ልሽጥ ባለ ቁጥር ያነቡለታል። ሐይቅ የተፈጥሮ ሀብት አይደለም እንዴ? ገበሬው ሊሸጠው ያልተፈቀደለትን ባለሀብቱ እንዴት አጠረው? በሊዝ ነው ይሉናል። ይሁን! መሬቱ በሊዝ ተሰጠ፤ ወደ ውሃው መድረሻዋስ፣ የሕዝቡ ሁለት ሜትር ስፋት ያላት እግር መንገድስ በየትኛው ውል ተሸጠች? አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ ሁሉንም አጥር በአንድ ሙቀጫ አንወቅጥም። ገፈርሳና ለገዳዲ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ናቸው። እነሱን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ሰው እግሩን ይታጠብባቸው የሚል የለም። በሩቁ ከኮረብታ ላይ ቆሞ ማየት ግን ውሃ አያደፈርስም። በየዓመቱ ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲም የሐይቅ ዳር የሕዝብ መሆን እንደሚችል ይመሰክራል። ጥያቄያችን ይሄ ለዓመት በዓል ብቻ ለምን ይሆናል ነው።

ሦስተኛው ነገር ጸጥታ ነው። ይህን ሳይናገሩ ስለ ጉብኝት መንገድ መጻፍ "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" ነው የሚሆነው። ከቢሾፍቱ ደቡብ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የዝቋላ ተራራ አለ፤ ጫፉ ላይ ሐይቅና ጥንታዊ ገዳም። ለብስክሌተኛ ሕልም የሆነ ዳገት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዚያ ገዳም መነኮሳት መገደላቸውን ሰምተን አለቀስን። በኦሮሚያ መንገዶች መንገደኛ ታግቶ ቤተሰብ ገንዘብ የተጠየቀበትን ዘመን ያየን ሰዎች ነን። በአውቶቡስ የሚሄደው ሰው ከሠጋ በሁለት ቀጭን ጎማ ብቻውን የሚሄደው ምን ይበል? ሐይቅ ዳር ሪዞርት ከማስመረቅ በፊት ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ሰላም ማድረግ ይቀድማል።

"አቦ፣ ሕዝቡ በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ ስለ ብስክሌት ሽርሽር ትጽፋለህ?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ብስክሌት የሀብታም ዕቃ የሚመስለው በአዲስ አበባ ብቻ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና ዝዋይ ሂድ። መምህሩም፣ ወዛደሩም፣ አትክልት ሻጯም በሳይክል ነው የሚሄዱት። በገላንና በዱከም ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ደመወዙ ለትራንስፖርት እንዳያልቅ በብስክሌት ልሂድ ቢል የሚገድለው ያው ትከሻ የሌለው መንገድ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ነዳጅ መቆጠብ ከተፈለገ ነዳጅ ጨርሶ የማይጠጣው ሁለት ጎማ ለምን ተረሳ?

"አልተረሳም፤ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ሠርተናል" ይላሉ። እውነት ነው፣ ሠርተዋል። ቤታቸው ፈርሶ የተበተኑትን ሰዎች ሳንረሳ፣ የተሠራውን አልተሠራም አንልም። ግን ያ ቀለም የተቀባ መስመር ከፎቶግራፉ ክልል ወጣ ሲል ወዴት ይሄዳል? ከተማው ዳር ሲደርስ እልም ይላል። ለካሜራ የተሠራ መንገድና ለሰው የተሠራ መንገድ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

ሩዋንዳን እንይ። የኪጋሊ መንግሥት የዴሞክራሲ አርአያ ነው ለማለት አይደለም፤ በዚህ ቅር የሚለው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ያለቀች፣ ከእኛ በስፋት ብዙ እጥፍ የምታንስ የኮረብታና የሐይቅ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረችውን የብስክሌት ውድድር አሳድጋ አሳድጋ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና አስተናገደች። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር። የወንዶቹ ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ዳገቱ ሲደመር 5,475 ሜትር ነው። ኮረብታው እዳ ሳይሆን ሀብት ሆነላቸው። ጎረቤታችን ኤርትራም ብንያም ግርማይን አፍርታለች። በ2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሷል።

እኛስ ታሪክ የለንም? አለን እንጂ! ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞች ነበሩ። ይህንን ስንቱ ያውቃል? የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ የብስክሌት ማኅፀን የሆነችው ትግራይ ነደደች። በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የትግራይዋ ብስክሌተኛ ኢየሩ ገብሩ በኢትዮጵያ ባንዲራ ሳይሆን በስደተኞች ቡድን ስም ተወዳደረች። አገር ልጇን በሰው ባንዲራ ስር ስታይ ማፈር ነበረባት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሰማይ የሚነካ ነገር አልጠየቅንም።

አንደኛ፣ ከቃሊቲ እስከ ቢሾፍቱ አሮጌው መንገድ በግራም በቀኝም በአስፋልት የተሠራ፣ ከመኪናው በጉብታ የተለየ ትከሻ ይኑረው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ግዙፍ አየር ማረፊያ ተወጥኗል፤ ወደዚያ የሚሠራ መንገድ ሁሉ ዲዛይኑ ላይ የብስክሌት ቦታ ይካተትበት። ካለቀ በኋላ ማፍረስ ልማዳችን ስለሆነ ነው አስቀድመን የምንናገረው።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ የቢሾፍቱ ሐይቅ ቢያንስ አንድ በር ለሕዝብ ይከፈት። ነፃ፣ ያለ ዘበኛ ጥያቄ። የሊዝ ውሎቹም ይታዩ፤ ሕዝቡ የራሱን ሐይቅ ውል የማየት መብት አለው።

ሦስተኛ፣ በወር አንድ እሁድ ጠዋት የሐይቆቹ ዙሪያ መንገድ ለመኪና ይዘጋ። አይቻልም እንዳይሉን፤ አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ "መንገድ ለሰው" ብላ ዋና ዋና አደባባዮቿን ዘግታ አሳይታለች። ለአዲስ አበባ የተቻለው ለቢሾፍቱ ለምን ያቅታል?

ይህ ሲሆን ልጁ ይለማመዳል፣ ወዛደሩ በሰላም ሥራ ይገባል፣ ዳር ላይ ያለችው እናት ቆሎና ሻይ ትሸጣለች። ሳይሆን ሲቀር ግን ሐይቆቻችን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የምናያቸው፣ በግንብ ስንጥቅ የምናሾልቃቸው ሆነው ይቀራሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!