የመርዙ ቁልፍ በማን ኪስ ነው?

ከየጎዳናው የተነሱ አረጋውያንን፣ የአእምሮ ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያኖር ማዕከል በአገራችን በዝቷል። ይብዛም። መንግሥት ያልደረሰበትን ሥራ ለምነውም ተበድረውም የሚሠሩትን ሰዎች እግዜር ይስጣቸው ከማለት በቀር የምለው የለኝም። ጠብ ፈላጊ እንዳልመስል ይህን አስቀድሜ ልናገር። የዛሬው ነገሬ ከደረጃ ስር ስላለችው፣ መጥረጊያና ባልዲ ስለሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ነው።

እዚያች ክፍል ውስጥ ምን አለ? በረኪና አለ። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አለ። ለትኋን የሚረጭ ማላታይን፣ የአይጥ መርዝ፣ መብራት ሲጠፋ ለምድጃ የሚሆን ላምባ አለ። ያለ እነዚህ መኖር አይቻልም፤ መቶ ሰው የሚያድርበት ቤት ያለ በረኪና አይጸዳም፣ ያለ መድኃኒት ከትኋን አይገላገልም። ጉዱ ያለው መያዣው ላይ ነው። በረኪናው በሃይላንድ፣ ማላታይኑ በለስላሳ ጠርሙስ፣ የአይጥ መርዙ በጋዜጣ ተጠቅልሎ (የእኛው ጋዜጣም ይሆናል፣ ማን ያውቃል!)። ጤነኛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ሲያሸተው ይነቃል። የሽማግሌ አፍንጫ ግን ከዕድሜው ጋር ይደክማል፤ የመርሳት በሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ማንበብ ለማያውቅ ሕፃንማ መለያው የጠርሙሱ መልክ ብቻ ነው። ሃይላንድ ካየ ውሃ ነው፣ አለቀ።

በቅርቡ ለጥየቃ ከሄድኩበት አንድ ማዕከል ግምጃ ቤት ገብቼ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ከሌሎቹ የከፋ ሆኖ አይደለምና። የሽሮው ማዳበሪያ ከታች፣ የዘይቱ ጀሪካን ከጎኑ፣ ከላይ በፌስታል የታሰረ ነጭ ዱቄት ተቀምጧል። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት የምታስጎበኘኝን ሠራተኛ። «የበረሮ ነው» አለችኝ። ለምን አልተጻፈበትም፣ በሩስ ለምን አይቆለፍም ብል ሳቀችብኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን እኮ!»

ሁላችንም እናውቀዋለን! እሺ፣ እሷስ ታውቀዋለች። ነገ ታመመች እንበል፣ ወይም ቪዛ ወጥቶላት ዓረብ አገር ሄደች። የበረሮው ዱቄት የትኛው እንደሆነ የተጻፈው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ አብሯት ይሄዳል። በምትኳ የመጣችው ልጅ የምታየው ነጭ ዱቄት ነው።

ይህ የእኔ ሟርት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ሴለም ከተማ ባለው የመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኖቬምበር 18 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ለራት እንቁላል ፍርፍር ይሠራል። ከእንቁላሉ ጋር የሚመታ የዱቄት ወተት እንዲያመጣ ወደ ምድር ቤቱ ግምጃ ቤት የተላከው ራሱ ታካሚ ነበር። ይዞት የወጣው ሶዲየም ፍሎራይድ የሚሉትን የበረሮ መርዝ ነው። መልኩ እንደ ወተቱ ነጭ ዱቄት ነዋ! በዚያ ራት የተነሳ 47 ታካሚዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ታመሙ። የታሰሩት ወጥ ቤቶቹ ናቸው። ነገሩ የቀረበለት የዜጎች ሸንጎ ግን አይከሰሱም አለ። እኔም ሸንጎው እውነቱን ነው እላለሁ። መርዝና ወተት በአንድ ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ የፈቀደው አለቃ እንጂ ዱቄት አምጣ ተብሎ የተላከው ምን ያድርግ?

የድሮ ነው የሚል ካለ የቅርቡን ልንገረው። ኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ሳን ማቴዎ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጁስ ነው ተብሎ ለሦስት አዛውንቶች ተቀዳላቸው። ሁለቱ ሞቱ። ያውም ኬሚካል ሁሉ ስሙና አደጋው ሊጻፍበት ይገባል የሚል ደንብ ባለበት አገር! በዚያ አገር በአረጋውያን እንክብካቤ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሜሪላንድ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ የኬሚካሉን ቁም ሳጥን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትውለው። «ረስቼ ክፍት ብተወው ማታውኑ ያባርሩኛል» ትላለች።

እኛ ዘንድ ሌላም ጣጣ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሽንት ቤቱ ቶሎ እንዲነጻላት በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ትደባልቃለች። ከዚያ ድብልቅ የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ በ1915 እ.ኤ.አ. ኢፕር ላይ ጀርመኖች የጠላት ወታደር የፈጁበት ጋዝ። ወታደሩ እንኳ እግር ነበረው፣ ሮጦ ያመለጠ አለ። አልጋ ላይ የቀረ ሽማግሌ ግን ከሽንት ቤቱ ጎን ባለ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ይስበዋል። «ሳል ጠናባቸው» ይባላል በማግሥቱ።

ደግሞ ጠጥቶ የተገኘውን ሰው ጉሮሮው ውስጥ ጣት ከተው ያስመልሱታል። ኧረ ተዉ! አሲድ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል፤ ላምባ ደግሞ በማስመለስ ጊዜ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰውየውን ከነጠርሙሱ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሐኪሙ «ምንድነው የጠጣው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ሃይላንድ ውስጥ ያለውን» ከሆነ ግን ምን ያክም? የማላታይን መድኃኒት ለአሲድ አይሆንም።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ-ተባይ ተመዝግቦ፣ ምልክቱ ተለጥፎበት እንዲሸጥ ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደኅንነት በአሠሪው ጫንቃ ላይ ጥሏል። በገበያው ግን መርዙ በውሃ ፕላስቲክ እየተቀዳ ይቸረቸራል፤ ማዕከሉም ገንዘብ ስለሚያጥረው ከዚያው ይገዛል። ሰው ከሞተ በኋላ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ቃሏን ትሰጣለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

እኛም ለጋሾቹ አንዳንድ ነገር እናስብ እንጂ። በዓል ሲደርስ ዘይቱን፣ መኮሮኒውንና የአምስት ሊትሩን በረኪና በአንድ ፒክአፕ ጭነን እንሄድና ግቢው መሀል ከምረን ፎቶ እንነሳለን። ክምሩ እንዳለ ወደ ግምጃ ቤቱ ይገባል። ለበረኪናው የሚሆን ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥንና ለመጻፊያ አንድ ማርከር ጨምሮ የወሰደ ሰው እስካሁን አላየሁም። ስንት ሊያወጣ ነው? አንድ የሆቴል ዐውደ ጥናት የሚፈጀው የሻይ ቡና ወጪ ለስንት ማዕከል ሳጥን ይገዛ ነበር!

የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ወደ እነዚህ ማዕከላት ሲሄዱ የሚሞሉት ቅጽ ላይ፣ አልጋና ብርድ ልብስ ከሚቆጠርበት ቀጥሎ፣ «መርዙ የት ተቀምጧል? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?» የሚል መስመር አለ ወይስ የለም? ካለ ቅጹን ላኩልን። እኛም ሳንቆራርጥ፣ ሳንቀንስ እናትመዋለን። ለሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ገጽ ላይ ቦታ ትተንላችኋል።