ዕቃ መጣል ስለሚጨንቃቸው ዘመዶቻችን

በአገራችን ዕቃ ማስቀመጥ ነውር ሆኖ አያውቅም። የዘይት ጄሪካን ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ መቅጃ ይሆናል። የዱቄት ወተት ጣሳ ቅመም ይቀመጥበታል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሠራበታል፤ ያረጀ ነጠላም ቢሆን መወልወያ ከመሆን አያመልጥም። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴ ጠርሙስና ብረታ ብረት የሚገዛው፣ አንዱ የተወው ለሌላው እንደሚጠቅም ስለሚያውቅ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሠፈርም የተጣለ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ስለ ዕቃ ማከማቸት ችግር የሚናገር ሰው አስቀድሞ ይህን የቁጠባ ልማድ ማክበር ይገባዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ዕቃው ለምን ተቀመጠ ተብሎ አይደለም፤ የተቀመጠው ዕቃ ተመልሶ ይወጣል ወይስ አይወጣም ተብሎ ነው።

የቆጣቢ ሰው ዕቃ ይገባል፤ ይወጣል። ጣሳው ሥራ ያገኛል፤ ጠርሙሱ ይሸጣል፤ ልብሱ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። ነገር ግን ዕቃ እየገባ የማይወጣበት ቤት አለ። ለምሳሌ ያህል በጭሮ፣ በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ሁለት ክፍል ባለው ጭቃ ቤት የሚኖሩ አንዲት አያት እናስብ። መጀመሪያ ጓዳቸው በባዶ ጄሪካን፣ በፌስታልና በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክ ይሞላል። ቀጥሎ መደቡ በአሮጌ ልብስና በጆንያ ይሸፈናል። በመጨረሻም አልጋው ራሱ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆንና እሳቸው ጥጉ ላይ ኩርምት ብለው ያድራሉ። ጎረቤትን ቡና መጥራት ይቀራል፤ ስኒ የሚደረደርበት ስፍራ የለምና። ልጆቻቸው «ይህ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?» ብለው ሲጠይቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይጠቅም ይሆናል» ይላሉ። አንዲት ጣሳ ልትጣል ስትነሣ ልባቸው ይመታል፤ ይቆጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ያለቅሳሉ።

ይህን ያየ ሰው «ስስታም ናቸው» ወይም «ጃጅተዋል» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ፍርዶች የተሳሳቱ ናቸው። ስስታም ሰው የሚሰስተው ዋጋ ላለው ነገር ነው፤ እኒህ አያት ግን በመቀነታቸው የቋጠሩትን ብር ለልጅ ልጃቸው ፈትተው ሰጥተው፣ የተቀደደችውን ፌስታል ሊከለክሉ ይችላሉ። የሕክምናው ዓለም ነገሩን ለብቻው የቆመ የአእምሮ ጤና ችግር አድርጎ የተቀበለው በቅርቡ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ስም ሰጠው፤ ቀደም ሲል የሌላ ሕመም ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በተለይ እናንተ ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በአረጋውያን ዘንድ ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚሉት ከ11 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ይህም ማለት በእናንተው ዕድሜ ነው! ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ እየከበደ ይሄዳል። ከሕመሙ ተጠቂዎች መካከልም ግማሽ ያህሉ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ዘመድ እንዳላቸው ይናገራሉ።

ለመሆኑ ምንጩ ምንድን ነው? በምዕራብ ሐረርጌ ላደገ ሰው ፈጥኖ የሚመጣለት መልስ ረኃብ ነው። አካባቢው በ1966፣ በ1977 እና በ2008 ዓ.ም. በድርቅ ተጎድቷል። የሐረርጌ ገበሬም ማሽላውን አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ቀብሮ ለክፉ ቀን ማቆየትን ከአባቶቹ ወርሷል። እንዲህ ባለ አገር ማስቀመጥ ሕይወት ማዳን ነውና፣ ያየነው ረኃብ ጣሳ ለመጣል እንኳ እጃችንን አሰረው ማለት ይቀናናል። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ልብ የሚነካውን ያህል እውነት አይደለም። ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች በልጅነት ችግር ማየትንና በኋላ ዕቃ ማከማቸትን የሚያያይዝ ግልጽ ማስረጃ አላገኙም። በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም በተባለው ሠፈር ይኖሩ የነበሩት ሆመርና ላንግሊ ኮልየር የሐኪም ልጆች ነበሩ፤ ተምረዋል፤ ርስትም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሁለቱም በቤታቸው ሞተው ሲገኙ ግን ከቤቱ የወጣው ጋዜጣ፣ ፒያኖና ልዩ ልዩ ዕቃ ከ120 ቶን በላይ ነበር። ላንግሊ ዓይነ ስውር ለሆነው ወንድሙ ምግብ ሊያደርስ በዕቃው መካከል ሲሽሎኮለክ ክምሩ ተንዶበት ሞተ፤ ሆመርም የሚያበላው በማጣቱ ሕይወቱ አለፈ። ከመሞታቸው በፊት የሠፈሩ ልጆች በመስኮታቸው ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። ብዙ ሕመምተኞች ችግራቸው የጀመረበትን ወይም የባሰበትን ጊዜ ሲያስታውሱ የሚያነሡት የሆድ ረኃብን ሳይሆን ሐዘንን ነው፤ የትዳር ጓደኛ ሞትን፣ የልጅ መለየትን፣ የቤት መፍረስን። ስለዚህ ጣሳዋን ከመንካታችሁ በፊት ጣሳዋ ከማን ጋር እንደምትታሰብ ማወቅ ይበጃል።

የእህል ጉድጓድ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አፉ ተደፍኖ ወራት የቆየ ጉድጓድ ሲከፈት ዐዋቂ ገበሬ ወዲያው ዘሎ አይገባበትም። በውስጡ የታፈነው አየር ኦክስጅኑ አልቆ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሞላ ቸኩሎ የገባ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አፉ ተከፍቶ ይቆያል፤ አየር ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ ማሽላው ይወጣል። ዕቃ በሞላበት ቤት ግን የብዙ ቤተሰብ ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አያቲቱ ለለቅሶ ወደ በዴሳ ወይም ወደ ገለምሶ የሄዱ ዕለት ልጆች ተጠራርተው ጋሪ ይከራያሉ፤ እስከ ማታ ቤቱን ሙልጭ አድርገው ይጠርጋሉ፤ «ደስ ይላቸዋል» ብለውም ይጠብቃሉ። እሳቸው ሲመለሱ የሚያዩት ግን የጸዳ ቤት አይደለም፤ የተዘረፈ ቤት ነው። ዘራፊዎቹም የገዛ ልጆቻቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በሩ ይቆለፋል፤ ቤቱም ተመልሶ ይሞላል። ዕቃው እንጂ ጭንቀቱ በጋሪ አልተጫነምና።

«ታዲያ አይጥ ሲራባ፣ እሳት ሲያሰጋ ዝም ብለን እንይ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሰል በሚነድበት፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ በሆነ ቤት ውስጥ የልብስና የወረቀት ክምር ለሕይወት ያሰጋል። ስለሆነም ሳይውል ሳያድር መነጋገር የሚያስፈልገው በሁለት ቦታዎች ላይ ነው፤ በምድጃው ዙሪያና ከአልጋው እስከ በሩ ባለው መተላለፊያ ላይ። በእነዚህ ላይ ጠንክሩ፤ ይህንም በፊታቸው፣ ምክንያቱን እየነገራችሁ አድርጉት። የቀረው ጊዜ ይስጠው።

በቀረው ላይ እንዴት እንደምትነጋገሩ ግን ብዙ ያስኬዳል። «ይህን ቆሻሻ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ለእሳቸው ቆሻሻ አይደለም። በእኛ ባህል «ይጣል» ከሚለው ቃል ይልቅ «ለማን ይሰጥ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ በር ይከፍታል። «እማማ፣ ከነዚህ ጄሪካኖች አንዱን ለአራሷ ጎረቤት ብንሰጣትስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ወሳኟም ሰጪዋም እሳቸው ይሆናሉ። ጠርሙሱ የሚሸጥ ከሆነ ከቆራሌው ጋር ራሳቸው ይከራከሩ፤ ዋጋው ሁለት ብር እንኳ ቢሆን ገንዘቡ በእጃቸው ይግባ። በአንድ ቀን አንድ ጥግ በቂ ነው። ያልተስማሙበትን ዕቃ ወደ ቦታው መልሱት፤ ቃላችሁ እንደሚታመን የሚያውቁት በዚያ ነው። ከገበያ ስትመለሱም ፌስታል ይዛችሁ አትግቡ፤ ዘንቢል ያዙ። ሌላም አለ፤ የቤታቸውን ሁኔታ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጓደኛ መላክን እኔ በኮልየሮች መስኮት ላይ ከተወረወረው ድንጋይ ለይቼ አላየውም።

ሕመሙ ሕክምና አለው። ዋናው ሕክምና በምክክር የሚሰጥ ሲሆን፣ ሕመምተኛው ከባለሙያ ጋር እየተቀመጠ ዕቃ መለየትን፣ መወሰንንና ከዕቃ ሲለይ የሚመጣውን ጭንቀት መቻልን ቀስ በቀስ ይለማመዳል። በአገራችን ይህን የሚሠሩ ባለሙያዎች ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም በጭሮ ሆስፒታል አለ፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮም ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተሰማርተዋል፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። በተለይ ማከማቸቱ በእርጅና ዘመን በድንገት የጀመረ እንደሆነ የመርሳት ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። ብዙ ቤተሰብ ወደ ሕክምና የማይሄደው «አማኑኤል ገቡ» እንዳይባል ፈርቶ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስንቱን ሰው ወደ ቤቱ መልሶ ሳለ፣ ስሙ መሳደቢያ መሆኑ የሚያሳፍረው ተሳዳቢውን ነው።

በመጨረሻም ሸክሙን ማን ይሸከመዋል የሚለው ጉዳይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚኖረው የልጅ ልጅ፣ ማለትም እንደ እናንተ ያለ ተማሪ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጅዳ «ለምን ቤቱን አታጸዱም?» እያለ በስልክ የሚቆጣ አጎት፣ ለበዓል ሲመጣ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ አንዱን ጆንያ አብሯቸው ይፍታ። የትኛው ልብስ የማን እንደነበረ ሲነግሩት ይስማ። የሟች አባቱ ካፖርት ከጆንያው ሥር ቢወጣ፣ ይጣል ለማለት አፉ ይታዘዝለት እንደሆነ ያን ጊዜ ያየዋል።